የብቸኛ አጥኚ መዝገብ፦ የተጠቃሚ ጥናትን አደራጅቶ የማስቀመጥ አሠራር

ባለፈው የቡና ወቅት ማብቂያ ላይ የምሠራበት ቡድን ኃላፊ በስብሰባ መካከል ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ቡና ሰብሳቢዎቹ ስለ ርክክቡ በስልክ የሚመጣውን መልእክት አያምኑም ያልሽው ከየት የመጣ ነው? ስንት ሰው ነው እንዲህ ያለው?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱ በእጄ እንዳለ አልተጠራጠርኩም። ከጅማ ዞን ማናና ጎማ ወረዳዎች የሰበሰብኩት የድምፅ ቅጂ በስልኬ፣ ማስታወሻው በሦስት ደብተሮች፣ ፎቶው በቴሌግራም፣ ሪፖርቱም በላፕቶፔ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሆኖም ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ማን እንደ ተናገራት ፈልጌ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ስትገኝም እንዲህ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ እንደ ነበሩና ሦስተኛው ጭራሽ ተቃራኒውን እንደ ተናገሩ ታወቀ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ የእኔው ግን በጽሑፍ እያለም ተረስቶ ነበር።

ይህ መመሪያ በአንድ ድርጅት ውስጥ የተጠቃሚ ተሞክሮ ጥናትን (ሰዎች አንድን መተግበሪያ ወይም አገልግሎት እንዴት እንደሚጠቀሙበት የሚያጠናውን ሥራ) ብቻውን ለሚሠራ ሰው፣ ማለትም ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ ቀድቶ፣ ራሱ ወደ ጽሑፍ ገልብጦ፣ ራሱ ተንትኖ፣ ራሱ ለሚያቀርብ ሰው የተጻፈ ነው። ምሳሌዎቹ ጅማ ውስጥ ከምሠራው ሥራ የተወሰዱ ሲሆኑ፣ እሱም አርሶ አደሮችና ቡና ሰብሳቢዎች የቡና ርክክባቸውን በስልክ የሚመዘግቡበትን መተግበሪያ የሚመለከት ነው። ከታች የተዘረዘረው አሠራር በሙሉ የቆመው በአንድ ውሳኔ ላይ ነው፦ በመዝገብ የሚቀመጠው ዋናው ነገር ሪፖርቱ ሳይሆን እያንዳንዱ ነጠላ ምልከታ ከነምንጩ ነው። ሪፖርት ለአንድ ስብሰባ ይጻፋል፤ ስብሰባው ሲያልፍ አብሮት ያረጃል። «አርሶ አደሩ ደረሰኙን አጥፎ ኮፍያው ውስጥ አስቀመጠ» የሚል ምልከታ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚነሳ፣ ዛሬ ማንም ላላሰበው ጥያቄም መልስ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ፦ መዝገቡ የሚመልሳቸውን ጥያቄዎች ይጻፉ

አንድም ፎልደር ሳይከፍቱ በፊት ባለፉት ስድስት ወራት የሥራ ባልደረቦችዎ ስለ ተጠቃሚዎች የጠየቁዎትን ጥያቄዎች ሁሉ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። የእኔዎቹ ሲጨመቁ ሦስት ሆኑ፦ «ይህን ማን አለ?»፣ «ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በፊት የምናውቀው ነገር አለ?» እና «ያኔ ያገኘነው ዛሬም ይሠራል?» የመጀመሪያው ጥያቄ ምንጭን፣ ሁለተኛው መለያ ቃልን (ምልከታው ስለ ምን እንደሆነ የሚያሳይ አጭር ቃል)፣ ሦስተኛው ቀንና ወቅትን ይፈልጋል። ከእነዚህ ለአንዱም የማያገለግል ዓምድ ምልከታዎቹ በሚመዘገቡበት ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም። መጀመሪያ የሠራሁት ሠንጠረዥ ሃያ ሁለት ዓምዶች ነበሩት፤ በሦስተኛው ሳምንት መሙላቱን ተውኩት።

ያለውን ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰብስቡ፤ ለማስተካከል ግን አይቸኩሉ

በስልክ፣ በፍላሽ፣ በኢሜይልና በቴሌግራም የተበተነውን ሁሉ «ያልተለየ» በሚል አንድ ፎልደር ውስጥ ይገልብጡ። ቃሉን ልብ ይበሉ፦ ይገልብጡ እንጂ አያዛውሩ፤ የመጀመሪያው ቅጂ ሥራው እስኪያልቅ ባለበት ይቆይ። ደብተሮችን ገጽ በገጽ ፎቶ ያንሱ፤ የጅማን ክረምት ያየ ሰው ቦርሳ ውስጥ ያለ ደብተር እንደማይተማመኑበት ያውቃል። ፎቶውን ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ምስሉ የተነሳበት ቀንና ሰዓትም አብሮ ይጠፋል።

የቆየውን ክምችት በሙሉ ቁጭ ብሎ የመለየት ፈተና ይመጣል። አይግቡበት። እኔ የምመክረው አዲሱን ሥራ ከዛሬ ጀምሮ በአግባቡ መመዝገብ፣ የድሮውን ግን ጥያቄ ሲነሳበት ብቻ እየመዘዙ ወደ መዝገቡ ማስገባት ነው። ጠያቂ የሌለው ቃለ መጠይቅ ባለበት ቢቆይ የሚጎዳው ሰው የለም።

ፎልደሩ ከሁለት ደረጃ በላይ አይጥለቅ

ለእያንዳንዱ ጥናት አንድ ፎልደር ይኑር፤ በውስጡም «ጥሬ»፣ «ሥራ» እና «ውጤት» የተባሉ ሦስት ፎልደሮች ብቻ ይኑሩ። በ«ጥሬ» ውስጥ የገባ የድምፅ ቅጂ፣ ፎቶ ወይም የደብተር ምስል አይቆረጥም፣ አይታረምም፣ ስሙም አይለወጥም፤ መቁረጥ ካስፈለገ የፋይሉ ግልባጭ ወደ «ሥራ» ተወስዶ እዚያ ይቆረጣል። የተሳታፊዎች ስምና የፈቃድ ማስረጃ ግን ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ አይቀመጥም፤ የእሱን ቦታ ከታች እመለስበታለሁ።

የፋይል ስም፣ ቀንና ሰዓት

ይህ ክፍል ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያስከፈለኝ እሱ ነው። ፋይሎች በስማቸው ሲደረደሩ በጊዜ ቅደም ተከተል እንዲሰለፉ ቀኑ ከዓመት ተጀምሮ፣ ወር ቀጥሎ፣ ዕለት መጨረሻ ይጻፋል። ጥያቄው የየትኛው ዘመን አቆጣጠር የሚለው ነው። ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የተደረገን ቃለ መጠይቅ አንዱ ሰው «2017-02-12» ብሎ፣ ሌላው ደግሞ «2024-10-22» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ችግሩ የመጀመሪያውን ያየ ኮምፒዩተርም ሆነ ሰው እ.ኤ.አ. የካቲት 2017 እንደ ተቀዳ አድርጎ ሊያነበው መቻሉ ነው፤ ስህተቱም ምንም የስህተት ምልክት የለውም። ጳጉሜን ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፦ «2016-13-05» ብለው ኤክሴል ውስጥ ቢጽፉ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ ተራ ጽሑፍ ያደርገውና በቀን ሲደረደር ከቦታው ያወጣዋል።

እኔ የምከተለው የሚከተለውን ነው። ስልኩም ኮምፒዩተሩም በራሳቸው የሚያትሙት የአውሮፓውያኑን ቀን ስለሆነ በፋይል ስም ላይ እሱን ብቻ እጽፋለሁ፤ በሠንጠረዡ የቀን ዓምድ ውስጥ ግን የኢትዮጵያን ቀን ከጎኑ፣ ወሩን በፊደል አድርጌ እጨምራለሁ፤ ምክንያቱም ተሳታፊው «ከመስቀል በኋላ»፣ «በጾሙ ሰሞን» ወይም «ረመዳን ሲገባ» ብሎ የተናገረው ነገር ትርጉም የሚሰጠው በእኛው አቆጣጠር ሲታይ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ተሳታፊው «3 ሰዓት ላይ ቡናውን አስረከብኩ» ሲል ስልኬ የሚያሳየው 9፡00 ነው፤ ስለዚህ በቃሉ ውስጥ 3 ሰዓትን እንዳለ ትቼ በሁኔታ ዓምድ ውስጥ «ጠዋት» ብዬ እጨምርበታለሁ።

የፋይሉ ስም አጭር ይሁን፦ «2024-10-22_ተ07_1» በቂ ነው። ቀኑ፣ የተሳታፊው ኮድና የፋይሉ ተራ ቁጥር አሉበት። በስም ውስጥ ብዙ ቃል ማስገባት የማልወደው አንዱን ፋይል «ድምፅ»፣ ሌላውን «ድምጽ» ብዬ ሰይሜ ግማሹን ካጣሁ በኋላ ነው።

ተሳታፊውን በኮድ ይሰይሙ፤ በጅማ ግን ስም መደበቅ ብቻውን አይበቃም

ለእያንዳንዱ ተሳታፊ «ተ01»፣ «ተ02» እያሉ ኮድ ይስጡ። ኮዱንና ስሙን የሚያገናኘው ዝርዝር በአንድ የይለፍ ቃል በተቆለፈ ፋይል ውስጥ፣ ከጥናቱ ፎልደር ውጭ ይቀመጥ፤ ከእርስዎና ምናልባት ከአንድ ኃላፊ በቀር የሚከፍተው ሰው አይኑር። የፈቃድ ማስረጃውም ከዚሁ ጋር ይሁን። ማንበብ ለማይችሉ ተሳታፊዎች ፈቃድን በድምፅ የምቀበል ሲሆን፣ በዚያ ቅጂ ላይ ስማቸው ስለሚጠራ ቅጂውን ካቆምኩ በኋላ ቃለ መጠይቁን በሌላ አዲስ ፋይል እጀምራለሁ። ሁለቱ በአንድ ፋይል ከተቀዱ ኮድ መስጠቱ ትርጉም ያጣል።

ፈቃዱ ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ይጠይቅ፦ ድምፅዎን ልቅዳ ወይ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ ላስቀምጠው ወይ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ላሰማው ወይ። ለመጀመሪያው እሺ ብለው ለሦስተኛው እምቢ የሚሉ አሉ፤ እምቢታቸውም በሠንጠረዡ ላይ መታየት አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የግል መረጃ ለታወቀ ዓላማ እንዲሰበሰብና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ሕጉ ይጠይቃል፤ መረጃው ከአገር ውጭ ሲተላለፍም መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል። ስለዚህ የድምፅ ቅጂዎችን በክላውድ (በኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ከመጫንዎ በፊት የድርጅትዎን የሕግ ባለሙያ ያነጋግሩ።

የከተማው ጠባይ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። በማስታወሻዎ ላይ «ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሱቅ ያላቸው፣ ሁለት አይሱዙ የሚያሠሩ ሐጂ» ብለው ከጻፉ ስም አልጻፉም እንጂ ስም ጠርተዋል፤ በጅማ ይህን አንብቦ ሰውየውን የማያውቅ ነጋዴ ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ የሃያ ሰከንድ ድምፅ በስብሰባ ላይ ሳሰማ አንዷ ባልደረባዬ ፈገግ ብላ፣ «እኚህማ የአጎቴ ጎረቤት ናቸው» አለች። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ስምን በወረዳ፣ ትክክለኛ ዕድሜን በአሥር ዓመት ክልል፣ የንብረት ዝርዝርን ደግሞ «አነስተኛ»፣ «መካከለኛ» እና «ከፍተኛ» በሚሉ ቃላት እተካለሁ፤ በስብሰባም ድምፁን ሳይሆን የተገለበጠውን ቃል አቀርባለሁ።

የምልከታ ሠንጠረዡ

የመዝገቡ ልብ ይህ ነው። ኤክሴል ወይም የጎግል ሠንጠረዥ ይበቃል። ዶቭቴይልን የመሰሉ ለዚሁ የተሠሩ መሣሪያዎች ጥሩ ቢሆኑም በየወሩ በዶላር የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ደግሞ ክፍያው የተቋረጠ ቀን መዝገቡ የሚዘጋበትን መሣሪያ ባይመርጥ ይሻለዋል። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ምልከታ ብቻ ይይዛል፤ ዓምዶቹም ዘጠኝ ናቸው፦ ቁጥር፣ ቀን፣ የተሳታፊ ኮድ፣ ዓይነት፣ ቃሉ እንዳለ፣ ትርጉም፣ ሁኔታ፣ መለያ ቃላት እና ምንጭ። ለማሳያ ያህል ራሴ ያዘጋጀሁት አንድ ረድፍ ይህን ይመስላል፦

> ቁጥር፦ 0143
> ቀን፦ 2024-10-22፣ ጥቅምት 12
> ተሳታፊ፦ ተ07
> ዓይነት፦ ተናገሩ
> ቃሉ እንዳለ፦ «መልእክቱስ ይምጣ፤ ወረቀቱን ካልያዝኩ ግን አላምንም። የስልኩ ባትሪ ካለቀ ምን ይዤ ልከራከር ነው?»
> ትርጉም፦ አላስፈለገም፤ በአማርኛ የተነገረ
> ሁኔታ፦ ጠዋት፣ ሚዛኑ አጠገብ፣ ሦስት ፈረሱላ እሸት ቡና ካስረከቡ በኋላ
> መለያ፦ ደረሰኝ፣ እምነት፣ ባትሪ
> ምንጭ፦ 2024-10-22_ተ07_1፣ ደቂቃ 14፡20

«ዓይነት» የሚለው ዓምድ «ተናገሩ» ወይም «አደረጉ» ከሚሉት አንዱን ይይዛል፤ ሁለቱን መለየት ከምንም በላይ ይጠቅማል። ተሳታፊው «መተግበሪያውን በየቀኑ እጠቀማለሁ» ብለው ሲያበቁ፣ ቁጥሩን እንዲያሳዩ ሲጠየቁ ስልኩን ለልጃቸው ሰጥተው ካስነበቡ፣ እነዚህ ሁለት ረድፎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ ሁለቱም ይመዘገባሉ። የእርስዎ ግምት ግን በምልከታ ረድፍ ውስጥ አይገባም። «ማንበብ ስለማይችሉ ነው» የሚለው ግምት ነው፤ መነጽራቸውን ረስተው ሊሆን ይችላል።

ቃሉን አያሳምሩ፤ መስፈሪያውንም አይለውጡ። ሦስት ፈረሱላ ካሉ ሦስት ፈረሱላ ተብሎ ይጻፍ፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ 51 ኪሎ መሆኑ በሁኔታ ዓምድ ሊጨመር ይችላል፤ ነገር ግን መተግበሪያችን ኪሎ ብቻ መጠየቁ ሰዎችን ለምን እንደሚያስቆማቸው የገባን ሁሉም የሚያስቡት በፈረሱላ መሆኑን ከመዝገቡ ስናይ ነው። እኔው ወደ ኪሎ እየቀየርኩ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ችግሩ በእጄ ይደመሰስ ነበር።

በጅማ ዙሪያ አብዛኛው ቃለ መጠይቅ በአፋን ኦሮሞ ወይም ከአማርኛ ጋር እየተቀላቀለ ይካሄዳል። የተነገረውን በቁቤ እንዳለ «ቃሉ እንዳለ» በሚለው ዓምድ ይጻፉ፤ የአማርኛውን ፍቺ በትርጉም ዓምድ አስቀምጠው ማን እንደ ተረጎመው በአጭር ምልክት ያሳዩ። ፍቺውን ብቻ ይዞ ዋናውን መጣል የአጥኚ ትልቁ ጥፋት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከአንድ ዓመት በኋላ ለመተግበሪያው አዝራር ስም የሚፈልግ ባልደረባ የሚያስፈልገው ሰዎቹ ራሳቸው የተጠቀሙበት ቃል እንጂ የእኔ ትርጉም አይደለም።

አንድን የአንድ ሰዓት ቅጂ ከጫፍ እስከ ጫፍ መገልበጥ ብቻውን ለሚሠራ ሰው አያዋጣም። ቅጂውን እያዳመጡ ምልከታ የሚሆኑትን ክፍሎች ብቻ ቃል በቃል ገልብጡና ደቂቃውን አስፍሩ፤ ቀሪው በድምፅ ይቆይ። ደቂቃው እስካለ ድረስ ተመልሶ መስማት ይቻላል።

መለያ ቃላት፦ በአማርኛ ፍለጋ ብቻውን የማይሠራባቸው ሁለት ምክንያቶች

«ኮምፒዩተሩ ይፈልግልኛል፤ መለያ ቃል ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አንድ ቀን «ከፈለ» የሚለውን ቃል በራሱ ማስታወሻ ውስጥ ይፈልግ። «ይከፍላል» አይወጣለትም፤ «ክፍያ» አይወጣለትም፤ «አልተከፈለኝም» ግን ይወጣል። የአማርኛ ግስ ከፊትና ከኋላ የሚጨመርበት ብቻ ሳይሆን መካከሉም የሚለወጥ ስለሆነ፣ «ፈ» «ፍ» ሲሆን ለኮምፒዩተሩ ሌላ ፊደል ነው። «ክፍያ» የሚል አንድ መለያ ቃል ግን ሁሉንም በአንድ ጥላ ሥር ይሰበስባቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አንድ ጊዜ «ሂሳብ» ብዬ ስፈልግ ከምጠብቀው ግማሹ እንኳ አልወጣም፤ ሌላውን ግማሽ «ሒሳብ» ብዬ ጽፌው ነበር። «ዕዳ» እና «እዳ»፣ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ኃላፊ» እና «ሀላፊ» እንዲሁ ናቸው። የሁለት ሰው ልማድ ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ ሁለቱንም የጻፍኩት ግን እኔው ነኝ። መፍትሔው ባለ ሁለት ክፍል ነው። አንደኛ፣ መለያ ቃላት ከተዘጋጀ ዝርዝር በመምረጥ ብቻ እንዲገቡ ያድርጉ፤ ኤክሴልም ሆነ የጎግል ሠንጠረዥ ከዝርዝር ውጭ የተጻፈን ቃል እንዳይቀበል ሊታዘዝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከሠንጠረዡ መጨረሻ «መፈለጊያ» የሚባል አንድ ዓምድ ጨምረው የቃሉን ቅጂ እዚያ ያኑሩና በዚያ ዓምድ ብቻ ፊደላቱን አንድ ያድርጉ፦ የ«ሐ» እና የ«ኀ» ቤቶች ወደ «ሀ»፣ «ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ» ወደ «አ»፣ «ፀ» ወደ «ጸ» ይለወጡ። ኮምፒዩተሩ ሰባቱንም ሆሄያት ለየብቻ ስለሚቆጥር አምስቱ ቤቶች 35 ለውጦች ይሆናሉ፤ እነሱ ካለቁ በኋላ «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» የሚቀይሩ ሁለት ይጨመራሉ። ቅደም ተከተሉን አያፋልሱ፤ ሁለቱ ቀድመው ከተሠሩ «ሓ» ወደ «ሃ» ተለውጦ እዚያው ይቀራል። ሲፈልጉም የሚፈልጉትን ቃል በዚሁ በተቃለለው አጻጻፍ ይጻፉት። ዋናው ጥቅስ ግን እንደ ተጻፈ ይቆያል።

የመለያ ቃላቱ ዝርዝር ከሠላሳ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የእኔው በሦስት ወገን የተከፈለ ነው፦ ሰው (አርሶ አደር፣ ሰብሳቢ፣ አቅራቢ)፣ የሥራው ደረጃ (ምዘና፣ ርክክብ፣ ደረሰኝ፣ ክፍያ፣ ዕዳ) እና ጉዳይ (እምነት፣ ንባብ፣ ቋንቋ፣ ባትሪ፣ ኔትወርክ)። ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ ምን እንደሚያካትትና ምን እንደማያካትት የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። አዲስ ቃል የማስገባው ቢያንስ ሦስት ምልከታዎች መግቢያ ሲያጡ ነው። ዝርዝሩን መጀመሪያ ሲያወጡ ግን ከራስዎ አያመንጩት። ጃፓናዊው ምሁር ጂሮ ካዋኪታ ያስተዋወቀው ዘዴ እንደሚያደርገው አርባ ወይም ሃምሳ ምልከታዎችን በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ወለል ላይ ይዘርጉና የሚመሳሰሉትን እያቀራረቡ ይቧድኗቸው፤ ስሙን ክምሩ ከተሠራ በኋላ ያውጡለት።

ከምልከታ ወደ ግኝት

በሁለተኛ ገጽ ላይ የግኝቶች ሠንጠረዥ ይከፈታል። ግኝት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲሆን የሚደግፉት ምልከታዎች ቁጥር፣ የሚቃረኑት ምልከታዎች ቁጥር፣ የተገኘበት ወቅትና መጨረሻ የታየበት ቀን ይያያዙበታል። ይህን መሠረታዊ ሐሳብ የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። የተጠቃሚ ጥናት ባለሙያው ቶመር ሻሮን የቢሮ ቦታ በሚያከራየው ዊወርክ ኩባንያ ሳለ ፖላሪስ የተባለውን የጥናት ማከማቻ የገነባው ሪፖርትን ትቶ መለያ በተሰጣቸው ትንንሽ ማስረጃዎች ላይ ነው፤ ሌላው ባለሙያ ዳንኤል ፒድኮክም ሙከራን፣ እውነታን፣ ግንዛቤንና ምክረ ሐሳብን ለየብቻ አስቀምጦ እርስ በርስ የሚያያይዝ አሠራር አስተዋውቋል። እነሱ ያሰቡት ብዙ ሰው ለሚጋራው መዝገብ ነው፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው አራቱንም ደረጃዎች ለመሙላት ሲደክም ሥራውን ይተወዋል። እኔ ሁለቱን ብቻ፣ ምልከታንና ግኝትን፣ ወስጃለሁ።

የሚቃረኑ ምልከታዎች ዓምድ ባዶ የሆነ ግኝት ሲያጋጥመኝ ደስ አይለኝም፤ ፍለጋዬ ጎደሎ እንደ ነበር እጠረጥራለሁ። መግቢያዬ ላይ ያነሳሁት ግኝት ዛሬ በመዝገቡ ላይ እንዲህ ተስተካክሎ ተጽፏል፦ «በርክክብ ላይ ክርክር ገጥሟቸው የሚያውቁ ሰብሳቢዎች ከስልክ መልእክት ይልቅ ወረቀት ይመርጣሉ።» ከመጀመሪያው ይልቅ ጠበብ ያለ ነው፤ ሦስተኛውን ሰውዬ ግን አያስዋሽም።

ወቅቱ የሚጻፍበት ምክንያት ከቡናው የመጣ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የመልቀም ወቅት እሸት ቡና በዕለቱ መሸጥ ስላለበት አርሶ አደሩ ጥሬ ገንዘብ ወዲያው ይፈልጋል፤ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) አድርጎ ያስቀመጠው ግን ዋጋ እስኪሻሻል ይጠብቃል። በኅዳር የተገኘን ግኝት በግንቦት ለሚጠይቅ ሰው ወቅቱን ሳይጠቅሱ መስጠት ማሳሳት ነው። ለሌላ ሥራም ቢሆን የራሱ ወቅት አይጠፋም፤ ትምህርት ቤት መስከረም አለው፣ ሱቅ የበዓል ዋዜማ አለው።

የጊዜ ሰሌዳ

ቃለ መጠይቁ እንዳለቀ፣ ባጃጁ እስኪመጣ ባለው ጊዜ ውስጥ የገረመኝን ነገር በሦስት ደቂቃ ድምፅ ለራሴ እቀዳለሁ። በማግስቱ ሳይመሽ ምልከታዎቹ ሠንጠረዡ ውስጥ ይገባሉ። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ለማየት እንጂ ለመጠየቅ አይመችም፤ አርብ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ የጁምዓ ሶላት ስላለ ቀጠሮ አልይዝም፤ ያንን ሰዓት ግኝቶችን ለማስተካከል ሰጥቼዋለሁ።

ቅጂዎችና መጠናቸው

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮ ውጭ ይኑር፤ ላፕቶፕ፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ እና ሕጉ እስከፈቀደ ድረስ ክላውድ። ክላውዱ ካልተፈቀደ ሁለተኛ የተቆለፈ ዲስክ በሌላ ሕንጻ ይቀመጥ። መጠኑን የሚወስነው የቀረጻው አሠራር ነው፦ በሰከንድ በ64 ኪሎቢት የተቀዳ አንድ ሰዓት ንግግር 29 ሜጋባይት ያህል ሲሆን፣ ያልታመቀ የሲዲ ጥራት ያለው ቅጂ ግን ከ600 ሜጋባይት ይበልጣል። ጎግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት በመጀመሪያው ከ500 ሰዓት በላይ ይይዛል፤ በሁለተኛው ግን 24 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለንግግር የመጀመሪያው በቂ ነው፤ የሞባይል ዳታ ገዝቶ ለሚጭን ሰው ደግሞ ልዩነቱ ከኪስ ይወጣል።

መፈተኛው

ሠንጠረዡን ለማያውቀው አንድ ባልደረባ ይስጡና ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱን ጠይቀው አሥር ደቂቃ ይስጡት። አጠገቡ ይቀመጡ፤ አይርዱት። ፈልጎ ያጣበትን ቃል ሁሉ በማስታወሻ ይያዙ። የእኔው ባልደረባ «ቢል» ብሎ ፈልጎ ምንም አላገኘም፤ እኔ «ደረሰኝ» ነበር ያልኩት። አሁን በመለያ ቃላቱ ዝርዝር ላይ «ደረሰኝ» ከሚለው አጠገብ «ቢል፣ ወረቀት፣ ካርኒ» የሚሉ ተመሳሳይ ቃላት ተጨምረዋል።

በመጨረሻም በዋናው ፎልደር ውስጥ «መጀመሪያ ይነበብ» የሚል አንድ ገጽ ያስቀምጡ። ፎልደሮቹ ምን እንደሚይዙ፣ ኮዶቹ እንዴት እንደሚነበቡ፣ የተቆለፈው ፋይል የይለፍ ቃል በማን እጅ እንዳለና የእያንዳንዱ ጥናት ድምፅ የሚጠፋበትን ቀን ይዘርዝር። የመጥፊያው ቀን ሲደርስ የድምፅ ቅጂውን ከሦስቱም ቦታ አጥፍተው በዚሁ ገጽ ላይ ቀኑንና ፊርማዎን ያኑሩ፤ ምልከታዎቹ በኮዳቸው በሠንጠረዡ ውስጥ ይቆያሉ፤ «ምንጭ» በሚለው ዓምድ ግን ከደቂቃው አጠገብ «ጠፍቷል» የሚል ይጨመርበታል።